የቢሮ ፋይል ማስቀመጫ፦ ያለቀለት ናስ ይገዛ ወይስ እዚሁ ይገጣጠም?

ፒያሳ አካባቢ ያለ የሠርግ ፎቶ ስቱዲዮ መሳቢያ ቢከፈት ምን እንደሚገኝ መገመት አያቅትም። በፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ «ጥር 2015»፣ «ጥር 2015 ኮፒ»፣ «እንዳይነካ» የሚል የተለጠፈባቸው አምስት ስድስት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኮች ይኖራሉ። ከመካከላቸው አንዱ ሲሰካ ቀጭ ቀጭ ይላል እንጂ አይከፈትም። ካዛንቺስ ያለው የሒሳብ ቢሮም ቢሆን ከዚህ አይሻልም። የአንድ ደንበኛ የዓመት ሒሳብ ሦስት ላፕቶፕ ላይ በሦስት ዓይነት ይገኛል፤ የትኛው የመጨረሻው እንደሆነ የሚያውቀው ደግሞ ፈቃድ ወጥቷል።

እንዲህ ያለ ቢሮ አንድ ቀን «ሰርቨር ያስፈልገናል» ይላል። ያኔ ሁለት ምክር ይመጣለታል። አንዱ «ያለቀለትን ሳጥን ገዝተህ ሰካው» ይላል፤ ሌላው «ለምን ትከስራለህ፣ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ እኔ እጭንልሃለሁ» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሁለቱም የሚዘሉት ነገርም አለ።

ናስ የሚባለው ምንድን ነው?

ስሙ የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ነው፤ ምናለሽ ተራ በኪሎ ከሚሸጠው ናስ ጋር ዝምድና የለውም። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሃርድ ዲስክ የያዘ፣ በገመድ ከስዊች (የኔትወርክ ገመዶች ማገናኛ) ወይም ከራውተር ጋር የተገናኘ፣ ቀንም ሌሊትም የሚሠራ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ስክሪንና ኪቦርድ አያስፈልገውም። የቢሮው ኮምፒውተሮች ሁሉ እንደ አንድ የጋራ ፎልደር ያዩታል፤ ማን የትኛውን መክፈት፣ ማን መሰረዝ እንደሚችል ከአንድ ቦታ ይወሰናል።

ያለቀለቱ እንደ ሲኖሎጂ፣ ኪውናፕና አሱስቶር ያሉ ኩባንያዎች ሳጥኑንም ሶፍትዌሩንም አንድ ላይ አድርገው የሚሸጡት ነው። ብዙውን ጊዜ ዲስክ የለውም፤ ዲስኩን ገዢው ለብቻው ገዝቶ ይሰካል። የሚገጣጠመው ግን ማንኛውም ኮምፒውተር ሊሆን ይችላል። በላዩ ላይ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ሶፍትዌር ይጫንበታል። ትሩናስና ኦፕንሚዲያቮልት በነጻ የሚገኙ ናቸው፤ አንሬይድ ፈቃድ ይገዛለታል።

አንድ ቃል ቀድሞ መፍታት ያስፈልጋል፦ ሬይድ። ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ አድርጎ የማሠራት ዘዴ ነው። በጣም ቀላሉ ዓይነት ልክ በካርቦን እንደሚጻፍ ደረሰኝ ነው። ላይኛው ወረቀት ላይ የተጻፈው ሁሉ ታችኛው ላይ ያርፋል፤ አንዱ ወረቀት ቢቀደድ ሌላው አለ። ሁለት ባለ 4 ቴራ ዲስክ በዚህ መንገድ ሲያያዙ የሚገኘው ቦታ 4 ቴራ ብቻ ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ በራሱ አቆጣጠር 3.6 ገደማ ብሎ ያሳየዋል። ይህ ምሳሌ ጉድለቱንም ያሳያል። ላይኛው ላይ የተሰረዘው ታችኛውም ላይ ይሰረዛል። ቫይረስ ፋይሉን ቢቆልፈው ቅጂውም አብሮ ይቆለፋል። ስለዚህ ሬይድ የዲስክ መበላሸትን እንጂ የሰውን ስህተት፣ ሌባንና ቫይረስን አይመክትም። ባክአፕ፣ ማለትም ለብቻው የሚቀመጥ መጠባበቂያ ቅጂ፣ አይደለም።

ዋናው ልዩነት ዋጋው ነው?

ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ ሃርድ ዲስክም፣ ሳጥኑም፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስም የሚመጡት በዶላር ነው። ሆኖም ከጠቅላላው ወጪ ብዙውን የሚወስዱት ዲስኮቹ ናቸው፤ በተለይ አራት ዲስክ ሲሆን። እነሱ ደግሞ በሁለቱም መንገድ እኩል ይገዛሉ። በመገጣጠም የሚተርፈው የሳጥኑ ዋጋ ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የሚገዛ ሰው ከፍጥነቱ በፊት መለዋወጫው ይገኝ እንደሆነ፣ መካኒኩ ያውቀው እንደሆነ ይጠይቃል። ያረጀ ቪትዝ ዋጋውን ይዞ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ናስም መጠየቅ ያለበት እንደዚያው ነው፦ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ቢቆም የተበላሸው ዕቃ እዚህ ከተማ ውስጥ ይገኛል? የሚቀይረውስ ማን ነው?

ያለቀለቱ ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

ቀድሞ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ከውጭ ያለችው አዳፕተር ናት። ባለ ሁለት ዲስክ ሳጥኖች በአብዛኛው 12 ቮልት፣ 5 አምፔር አካባቢ የሆነ አዳፕተር ይጠቀማሉ። ጀርባዋ ላይ የተጻፈው ቮልት እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም የሚበልጥ፣ የሶኬቱ ጫፍ ደግሞ ልኩ ከሆነ ሌላ ገዝቶ መተካት ይቻላል። 12 ቮልት የሚያስፈልገውን ሳጥን በ19 ቮልት የላፕቶፕ ቻርጀር መሞከር ግን ሳጥኑን ማቃጠል ነው።

ማዘርቦርዱ ከሄደ ጉዳዩ ይከብዳል። ቦርዱ ለዚያ ሞዴል ብቻ የተሠራ ነው፤ በመለዋወጫነት ሱቅ ውስጥ አይሸጥም። የአምራቹ ዋስትና ቢኖርም ዕቃው ብዙውን ጊዜ ወደተገዛበት አገር መመለስ አለበት። ፋይሉ ግን አልጠፋም። ዲስኮቹ የዚያው ኩባንያ ሌላ ተስማሚ ሞዴል ውስጥ ቢገቡ በአብዛኛው እንዳሉ ይነሳሉ። የሲኖሎጂ ዲስኮችን በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ በተጫነበት ተራ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ማንበብም ይቻላል፤ ኩባንያው ራሱ አሠራሩን ጽፎ አስቀምጧል። የሁሉም አምራች ግን እንዲህ ቀላል አይደለም፤ ከመግዛት በፊት ይህን ማጣራት ከፕሮሰሰሩ ፍጥነት ይበልጥ ይጠቅማል።

ሌላው ጉዳይ የአምራቹ እጅ ከሳጥኑ ላይ አለመነሳቱ ነው። ሲኖሎጂ በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው የፕላስ ሞዴሎች ላይ ኩባንያው ካጸደቃቸው ውጭ ያሉ ዲስኮችን ገድቦ ነበር። ቅሬታው ሲበዛ በዚያው ዓመት ጥቅምት በወጣው የሶፍትዌር ማሻሻያ ገደቡን አላላው። የተፈለገውን ሞዴል ሳይሆን ሱቁ ያለውን ዲስክ ለሚገዛ ከተማ እንዲህ ያለ ገደብ ትንሽ ነገር አይደለም።

የተገጣጠመውስ?

እዚህ በብዛት የሚገኘው ከውጭ ቢሮዎች ወጥቶ የሚመጣ ያገለገለ ኤችፒ ወይም ዴል ዴስክቶፕ ነው። አይ ፋይቭ ፕሮሰሰርና 8 ጊጋ ራም ያለው ለአሥር ሰው ቢሮ ከበቂ በላይ ነው። ለትሩናስ 8 ጊጋ ዝቅተኛው ነው፤ 16 ቢሆን ይሻላል። ኦፕንሚዲያቮልት ባነሰም ይሠራል።

ችግሩ ያለው ኬዙ ውስጥ ነው። ሽፋኑ ተከፍቶ ሳይታይ ገንዘብ አይከፈል። ቀጫጭኖቹ ዴስክቶፖች ትልቁን የዲስክ ዓይነት አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው የሚይዙት። ማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ሳታ የሚባሉ የዲስክ መሰኪያዎች ይቆጠሩ፤ ለሁለት የፋይል ዲስክና ሶፍትዌሩ ለሚጫንበት አነስተኛ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ዲስክ) ሦስት ያስፈልጋሉ። ትሩናስ የተጫነበት ዲስክ ላይ ፋይል ማስቀመጥ ስለማይቻል ለእሱ 120 ጊጋ ያህል ትንሽ ኤስኤስዲ ይበቃል። ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጡት የዲስክ ገመዶችም ይቆጠሩ። የብዙዎቹ የዴልና የኤችፒ ፓወር ሰፕላይ መሰኪያ ከተለመደው የተለየ ነው፤ ሲቃጠል ገበያ ላይ ያለው ተራ ፓወር ሰፕላይ አይገጥምለትም። ስለዚህ «ሁሉም ዕቃ እዚሁ ይገኛል» የሚለው የመገጣጠም ውዳሴ እውነት የሚሆነው ተራ ኬዝና ተራ ፓወር ሰፕላይ ሲሆን ነው። አለበለዚያ ተመሳሳይ ሁለተኛ ማሽን ገዝቶ ለመለዋወጫ ማስቀመጥ ነው። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ሁለት ያገለገሉ ዴስክቶፖች ገዝቶም ከአዲስ ሳጥን ሊረክስ ይችላል።

ዲስኮቹን በዩኤስቢ ማያያዝ ያጓጓል፤ ርካሽ ነው። ግን ገመዱ በትንሹ ሲነካ ወይም በውስጡ ያለው ቺፕ ሲግል ዲስኩ ለሰከንድ ይጠፋል፤ ሬይዱም «አንድ ዲስክ ሞቷል» ብሎ ይመዘግባል። ከአሮጌ ሰርቨር የተነቀለ የሬይድ ካርድም እንዲሁ ጣጣ አለው። ካርዱ ዲስኮቹን በራሱ ቋንቋ ስለሚጽፍባቸው ካርዱ ሲሞት ሌላ ያው ዓይነት ካርድ ፍለጋ ይጀመራል። ሬይዱን ሶፍትዌሩ ይሥራው። በትሩናስ የተሠራ የዲስክ ስብስብ በቂ መሰኪያ ባለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ትሩናስ ተጭኖ ይከፈታል፤ የማሽኑ ሞዴል ለውጥ አያመጣም። የመገጣጠም ትልቁ ጥቅም ለእኛ ይኼ ነው።

ያገለገለ ትልቅ ሰርቨርስ? የሚሸጥበት ዋጋ ዓይን ይስባል። 150 ዋት የሚበላ ሰርቨር ግን በወር 108 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። ሁለት ዲስክ ያለው ሳጥን 20 ዋት አካባቢ ስለሚወስድ 14 ገደማ ነው፤ ዴስክቶፑ 45 ዋት ቢወስድ 32 ይሆናል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታው ሲጨምር በደረጃ ስለሚወደድ ቤት ውስጥ ለሚያስቀምጠው ልዩነቱ ይሰማዋል። ድምፁስ! ጠባብ ቢሮ ውስጥ ስልክ አያነጋግርም።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ ምን ይፈጠራል?

ናሱን እዚህ አገር በብዛት የሚጎዳው ይኼ ነው። ፋይል እየተጻፈ መብራት ሲሄድ ሊደርስ የሚችለውን የሒሳብ ባለሙያ ወዲያው ይረዳዋል፦ ዴቢቱ ተጽፎ ክሬዲቱ ሳይጻፍ እንደመቋረጥ ነው። መዝገቡ አይመዛዘንም፤ የትኛው ትክክል እንደሆነም ሬይዱ አያውቅም። ትሩናስ የሚጠቀምበት ዜድኤፍኤስ የተባለው የፋይል ሥርዓት አሮጌውን ገጽ አይነካም። አዲሱን ሌላ ገጽ ላይ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ማውጫውን ይቀይራል፤ በመሃል ቢቋረጥ አሮጌው እንዳለ ነው። ብዙ ያለቀላቸው ሳጥኖች ላይ የሚገኘው ቢቲአርኤፍኤስም በዚህ ሐሳብ ይሠራል፤ ሳጥኑ ሲዘጋጅ ምርጫው ከቀረበ እሱን መውሰድ ይበጃል።

ይህ ግን ዩፒኤስን አይተካም። ተራ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው ባትሪ ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ነው፤ ማለትም 84 ዋት ሰዓት። 40 ዋት የሚወስድ ማሽን በወረቀት ላይ ሁለት ሰዓት ይቆይበታል፤ በተግባር ብክነቱና የባትሪው እርጅና ሲታሰብ ግማሽ ሰዓት ብሎ መያዝ ነው። ዓላማው ማሽኑ በራሱ ጊዜ በሥርዓት እንዲዘጋ ነው እንጂ መብራት እስኪመጣ መሥራት አይደለም። ለዚህም የዩፒኤሱ ዩኤስቢ ገመድ ከናሱ ጋር መገናኘት አለበት። ብዙ ቢሮ ውስጥ ይህ ገመድ ካርቶኑ ውስጥ እንደታሰረ ነው የሚገኘው። ገመዱ ተሰክቶ «መብራት ከሄደ 5 ደቂቃ በኋላ ዝጋ» የሚል ትእዛዝ ይሰጠዋል። ሲገዛ ደግሞ የዩኤስቢ መሰኪያ ያለው መሆኑ ይታይ፤ አንዳንድ ርካሽ ሞዴሎች ጭራሽ የላቸውም።

መብራቱ ሲመለስም ሌላ ወጥመድ አለ። አንዳንዴ ይመጣና በሁለት ደቂቃ ተመልሶ ይሄዳል። ናሱ መብራት እንደመጣ በራሱ እንዲነሳ ተደርጎ ከሆነ ባትሪው ባዶ ሳለ ይነሳል፤ ሁለተኛው መጥፋት ያለመከላከያ ያገኘዋል። ለቢሮ የሚበጀው በራሱ እንዳይነሳ አድርጎ ጠዋት ቀድሞ የሚገባው ሰው እንዲያበራው ማድረግ ነው። በተጨማሪም ርካሽ ዩፒኤሶች የሚያወጡት የኤሌክትሪክ ሞገድ ከመብራት ኃይሉ ጋር አንድ ዓይነት ስላልሆነ አንዳንድ የዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላዮች ወደ ባትሪ ሲዛወር ይጠፋሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ሰክቶ የግድግዳውን ሶኬት መንቀል ብቻ ነው ምርመራው። ትንንሾቹ ሳጥኖች በአዳፕተር ስለሚሠሩ ይህ እምብዛም አያስቸግራቸውም፤ ያለቀለቱ አንድ ነጥብ የሚያስቆጥረው እዚህ ላይ ነው። ባትሪው ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ይቀየር።

ከፍታችን ለዲስክ ችግር አለው?

ተራ ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚያነበው መርፌ ከሚሽከረከረው ሰሌዳ በላይ የሚንሳፈፈው በአየር ነው፤ ስለዚህ አምራቾች የከፍታ ወሰን ያስቀምጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 3,050 ሜትር ነው። መሃል አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ስጋት የለም። እንጦጦ አናት ላይ ሰርቨር ማቆም ያሰበ ግን የዲስኩን ወረቀት ያንብብ። እዚህ የሚሰማው የከፍታ ውጤት ሙቀት ነው፤ የሳሳ አየር ሙቀትን የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። ዲስኩ ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው፤ 50 ከነካ ማራገቢያው በአቧራ ተደፍኗል ወይም ሳጥኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ተዘግቶበታል። በየአካባቢው ግንባታ ባለበት ከተማ በየሦስት ወሩ መጥረግ አይበዛም።

ዲስክ ሲገዛ ምን ይታያል?

ሁለት ነገር። አንደኛው የአጻጻፍ ዘዴው ነው። አንዳንድ ዲስኮች መስመሮቹን እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ደራርበው ይጽፋሉ፤ አንዱን ለመለወጥ ጎረቤቱንም እንደገና መጻፍ ግድ ይላቸዋል። ምልክታቸው ኤስኤምአር ነው፤ ለናስ የሚፈለገው መስመሮቹን ሳይደራርብ የሚጽፈው ሲኤምአር ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ዌስተርን ዲጂታል ለናስ በሚሸጣቸው አንዳንድ ሬድ ዲስኮች ውስጥ ኤስኤምአር ሳይነገር መግባቱ ታውቆ ትልቅ ቁጣ ተነሳ። ዛሬ ሬድ ፕላስ የሚለው ሲኤምአር ነው፤ የሲጌት አይረንዎልፍም እንዲሁ።

ሁለተኛው «አዲስ ነው» የሚባል ያገለገለ ዲስክ ነው። ዲስኩ ኮምፒውተር ላይ ይሰካና ክሪስታልዲስክኢንፎ በተባለው የዲስክ መመርመሪያ ፕሮግራም ይታይ። የሠራበት ሰዓት 8,760 ከሆነ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጠፋ ሠርቷል ማለት ነው። ተበላሽተው የተተኩና ተጠርጥረው በመጠባበቅ ላይ ያሉ የዲስኩ ክፍሎች ቁጥር ዜሮ መሆን አለበት። ይሁን እንጂ ሰዓቱ እንደ መኪና ኪሎሜትር ሊመለስ ይችላል፤ በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አውሮፓ ውስጥ ሰዓታቸው ወደ ዜሮ የተመለሰ ያገለገሉ የሲጌት ዲስኮች እንደ አዲስ ሲሸጡ ተገኝተዋል። የተሸከመው መለያ ቁጥር በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ገብቶ ዋስትናው መቼ እንደሚያልቅ ይታይ። ሱቁ ከፈቀደ ሁለቱ ዲስኮች በተለያየ ጊዜ የተመረቱ ቢሆኑ ይመረጣል፤ መንትዮች አብረው የመታመም ልማድ አላቸው።

ከተጫነ በኋላ ለምን ይንቀራፈፋል?

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የናሱ አይደለም። ባለ 4ኬ ካሜራ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ቢቀርጽ በሰዓት 45 ጊጋ ይሆናል፤ ሁለት ካሜራ ስድስት ሰዓት ሲቀርጽ የሚውል ሠርግ 540 ጊጋ ያመጣል። ይህ በጊጋቢት መስመር ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች ያልቃል። ከኢንተርኔቱ ጋር የመጣው ራውተር መሰኪያው ባለ 100 ሜጋቢት ከሆነ ግን 13 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መፍትሔው ባለ አምስት መሰኪያ ጊጋቢት ስዊች ነው። ያም ተደርጎ ካልፈጠነ የገመዱ ጫፍ ይታይ፦ ከስምንቱ ሽቦዎች አራቱ ብቻ ከታሰሩ ፍጥነቱ ከ100 አያልፍም።

ታዲያ ለማን የትኛው?

ቢሮው ውስጥ ሊኑክስ የማይፈራ፣ ነገም እዚያው የሚገኝ ሰው ከሌለ ያለቀለቱ ይሻላል። «የማውቀው ልጅ ይሠራልኛል» የሚለው ልጁ ሥራ ሲለውጥ ያበቃል፤ የይለፍ ቃሉንም ይዞት ይሄዳል። ለሒሳብ ቢሮው ባለ ሁለት ዲስክ ሳጥን በቂ ነው። ለፎቶ ስቱዲዮው ግን አራት አምስት ዲስክ ያስፈልጋል፤ ብዙ ዲስክ የሚይዙ ሳጥኖች ዋጋቸው ስለሚዘል ሰፊ ኬዝ ላይ መገጣጠም ያዋጣል፤ በተለይ ኮምፒውተር መፍታት የለመደ ኤዲተር ካለ። በጀቱ ከጠበበ የሚቀነሰው የሳጥኑ ዓይነት ነው። ዩፒኤሱና ሁለተኛው ቅጂ አይቀነሱም።

ሁለተኛው ቅጂ ማለት በየሳምንቱ አርብ ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ተገልብጦ ከቢሮው ውጭ የሚያድር ነው። ሁለት ዲስክ ቢፈራረቁ አንዱ ሁልጊዜ ውጭ ነው። ወደ ክላውድ መጫን ያማረው ስሌቱን ይሥራ፦ 2 ቴራ በ10 ሜጋቢት የመጫኛ ፍጥነት 18 ቀን ተኩል ይፈጃል። ናሱን ከውጭ ለመክፈት ብሎ ራውተሩ ላይ በር (ፖርት) መክፈትም አይገባም። በ2022 እ.ኤ.አ. ጥር ዴድቦልት የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ የቆለፋቸው የኪውናፕ ሳጥኖች በቀጥታ ከኢንተርኔት የሚታዩ ነበሩ። የግድ ከሆነ በቪፒኤን፣ ማለትም በተመሰጠረ የግል መስመር፣ ይሁን።

የትኛውም ይመረጥ፣ እውነተኛው ፋይል ከመግባቱ በፊት አንድ ከሰዓት ለሙከራ ይሰጠው። 50 ጊጋ የማያስፈልግ ቪዲዮ እየተገለበጠ ሳለ ዩፒኤሱ ከግድግዳው ሶኬት ይነቀል፤ ናሱ በአምስተኛው ደቂቃ በራሱ ይዘጋል? ተነስቶ ሲታይ ጤነኛ ነው? ቀጥሎ ማሽኑ ጠፍቶ አንዱ ዲስክ ይውጣ፤ ሲበራ ፋይሉ ይከፈታል? ዲስክ ሲጎድል ናሱ የሚልከው የማስጠንቀቂያ ኢሜይልስ ለማን ደረሰ? ከዚያ ዲስኩ ይመለስና እስኪያገግም ይጠበቅ። ባዶ ከሆነ በደቂቃዎች ሊያልቅ ይችላል፤ የሞላ ባለ 4 ቴራ ዲስክ ግን ከሰባት ሰዓት በላይ ስለሚወስድ ያን ቀን ዩፒኤሱ ሙሉ መሆኑ አስቀድሞ ይታይ።